የአክስቴ ሁለተኛ ዓይን

ጎንደር ክረምቱን የሄድኩት ከተማ ልጎበኝ አይደለም። እናቴ ስለሰለቸችኝ፣ እኔም ስለሰለቸኋት ነው። ተመርቄ ባሕር ዳር ቤታችን ከገባሁ አምስት ወር አልፎኝ ነበር። ሥራ የለም። ጠዋት ተነስቼ ስልክ እነካካለሁ፣ ማታ ስልክ ይዤ እተኛለሁ። አንድ ቀን እናቴ ወጡን እያማሰለች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «እህቴ ጋ ሂጂና ክረሚ። ብቻዋን ናት፣ ታግዣታለሽ» አለችኝ። ታግዣታለሽ ማለት ከፊቴ ጥፊልኝ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ በተባለ በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አክስቴ የምትኖረው ከቀሐ ወንዝ ወደ ላይ ሲወጡ ካለው ሰፈር ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች የሞሉበት ሰፈር ነው። እሷ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ የታቦት ጥላና የካህናት ካባ ላይ በወርቅማ ክር ትጠልፋለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው ደግሞ በአንድ ዓይን ነው። ግራው አያይም። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ገብስ ማሳ ላይ ወፍ ሲጠብቁ፣ ታላቅ እህቷ የወነጨፈችው ድንጋይ ነው ያጠፋው። ታላቅ እህቷ እናቴ ናት።

ስለዚህ እዚያ ቤት ስገባ እንግዳ አልነበርኩም። አክስቴ ስትናደድ «የወንጫፊዋ ልጅ» ነበር የምትለኝ። ሳትናደድ ደግሞ «አንቺ ልጅ»።

የእኔ ሥራ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነበር። እሷ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ጉልበቷ ላይ ቀይ ከፋይ ተዘርግቷል፣ አሥር መርፌ አጠገቤ አለ። ውጭ ዝናብ ያወርደዋል። መብራት የለም።

«ሁለት ዓይን ይዘሽ የመርፌ ቀዳዳ ይጠፋሻል?» ትለኛለች።

«እትዬ፣ መብራት የለም እኮ።»

«ለእኔስ አለ?»

መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳለሁ። እሷ ግን አትተወኝም።

«ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ምን ነበር ያስተማሩሽ?»

«ማኔጅመንት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰው ማስተዳደር።»

«እና ማንን አስተዳደርሽ?»

የክሩን ጫፍ በምራቄ አሾላለሁ። «እዚህ ሰፈር ምሩቅ ሞልቷል» ትላለች ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «ሁሉም ባጃጅ ይነዳል። አንቺ እሱንም አትችይ።»

ሰፈሩን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል አክስቴን ጥዬ እወጣለሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሸማኔዎቹ እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተው ሲሠሩ የመወርወሪያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ከእነሱ ቀጥሎ መስቀል የሚሠራ አንጥረኛ አለ፤ ወናፉን እያነፋ ስለ እንግሊዝ ኳስ ይከራከራል። ከማዶ የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ የሚፍቅ ብራና ሠሪ አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። አንዲት የአዝማሪ ቤት ልጅ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን እየቀባች አላፊ አግዳሚውን በግጥም ትሰድባለች። እኔን ባየችኝ በሁለተኛው ቀን ዲግሪ ይዤ ጭቃ እንደማቦካ አድርጋ ገጠመችብኝና ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ተመራቂዋ» ሆኖ ቀረ። ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር «ተመራቂዋ፣ ሥራ ተገኘ?» ይለኛል። እዚያ ሰፈር ሰው ሲወድሽም ይሰድብሻል፣ ሲጠላሽም ይሰድብሻል። ልዩነቱን ለመለየት አንድ ወር ፈጀብኝ።

የወርቅማ ክሩን የምገዛው ከታች መንገድ ዳር ካሉት ከሐጂ ሱቅ ነበር። አባታቸውም አያታቸውም ለዚሁ ሰፈር ክር ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ስለ ታቦት ጥላ ዘርፍና ስለ ካባ ጠርዝ ከቄስ በላይ ያውቃሉ።

«አክስትሽ ዛሬ ማንን ረገመች?» ይሉኛል ክሩን በክንዳቸው እየለኩ።

«እኔን።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ተርፌያለሁ ማለት ነው።»

ብዙ የምቀመጠው ግን ሠዓሊው ጋ ነው። ሠላሳ አምስት ገደማ ይሆነዋል። አባቱም አያቱም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ሥነ ጥበብ ጀምሮ፣ ሳይጨርስ አባቱ ሲሞቱ ተመልሷል። ቱሪስት በነበረ ጊዜ በፍየል ቆዳ ላይ ትንንሽ መላእክት እየሣለ ይሸጥ ነበር። አሁን ቱሪስቱ ጠፍቷል፣ የሚሥለው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። አንዲት በርጩማ አለችኝ በሩ ላይ። እዚያ ቁጭ ብዬ እሱ ቀለም ሲበጠብጥ አያለሁ፣ ስለ ሰው እናማለን። እሱም እንደኔ ችኩል ነው፤ ወዲያው ተግባባን።

አንድ ቀን የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ እየሣለ ነበር። ሐዋርያቱ ሁሉ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው፣ ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው ተቀምጠዋል። አንዱ ብቻ ከጎን ነው የተሣለው።

«ይሄኛው ምነው አንድ ዓይን ብቻ?»

«ይሁዳ ነዋ።»

«እና አንድ ዓይን ነበረው?»

ሳቀብኝ። «አይ ተመራቂ። ደግ ሰው ፊቱን ወደ አንቺ አድርጎ፣ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ይሣላል። ክፉ ሰው ከጎን ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታይ። ይሁዳም፣ ሰይጣንም፣ ጌታን የገረፉትም። ማንበብ የማይችል ምእመን ከሩቅ ቆሞ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። እዚህ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም፤ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከግድግዳው ላይ አንድ ያላለቀ ሚካኤል አሳየኝ። ከእግሩ ሥር የተረገጠው ሰይጣን ወፍራም ነው፣ ከጎን ነው፣ ጥርሱ ወርቅ ነው።

«ይሄ አከራዬ የነበረው ሰውዬ ነው» አለ። «በፊትም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሥዬዋለሁ። በየዓመቱ ሚካኤልን ሊሳለም ይመጣል፣ ከሥር ያለውን ራሱን አላወቀውም።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

አሁን ወደ አክስቴ ስለት ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ደኅነኛው ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶ ነበር። ጥልፉ ቆመ፣ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። ኦፕራሲዮን ልትገባ ስትል ለሰፈሩ ማርያም ተሳለች፤ ይህችን አንዷን ካተረፍሽልኝ ሥዕልሽን አሥዬ አስገባለሁ አለች። ዓይኗ ተረፈ። እኔ ስደርስ ሥዕሉ ለዚያው ለወዳጄ ለሠዓሊው ታዝዞ ነበር፤ ለፍልሰታ ፍች መድረስ አለበት። እንደ ልማዱ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ይሣላል። አክስቴ ክረምቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያችን ቦታ ነበር። አፏን ከፍታ አትናገርም እንጂ በየሁለት ቀኑ «ያ ሰነፍ የት ደረሰ?» ትለኛለች። «ሰማያዊውን ካባ ቀብቷል» ስላት፣ «እኔ ጋስ ደረሰ?»

በሐምሌ የማርያም ዕለት የአክስቴ የማርያም ማኅበር ተራው እኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ ነጫጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎኑን ሞልተውታል፣ እኔ ጠላ እቀዳለሁ። ከጥግ የተቀመጠች ጎረቤታችን፣ ጠላ ሻጭ ናት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይች የእህትሽ ልጅ ሸጋ ናት። አላገባችም?» አለች።

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የታለና። አጭቷት የነበረው ሌላ አገባ። አለቀሰች አሉ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሥራም አልፈለጋት፣ ወንድም አልፈለጋት። እኔ ወሰድኳት። አንድ ዓይን ያለው ሰው ምን ይመርጣል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ሦስቱን ቀን የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነበር፣ በሌሊት፣ በሯን ዘግታ። ጠላ ሻጯ ዓይኗን እየጠራረገች «አይ አንቺ፣ ትገድይናለሽ» አለቻት። እኔ ደግሞ የጎደለ ብርጭቆ እያየሁ መቅዳቴን ቀጠልኩ። ምን አደርጋለሁ?

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ መርፌዋን ከፋዩ ላይ ሰክታ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሠዓሊው ጋ ሂጂልኝ። የኔን ፊት ሊጀምር ነው፣ መጥታ ትቀመጥልኝ ብሏል። አልሄድም። እሱ ፊት ተቀምጬ ዓይኔን አላስቆጥርም።»

«ምን ልበለው?»

«ፊቴን ወደ ሰው አድርጎ፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ይሣለኝ። ግራውንም እንደ ቀኙ።» እጇ ከፋዩን ያለሰልሳል። «ስሞትም ሰው በእሱ ነው የሚያስታውሰኝ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሙሉ ሆኜ ልቆይ።»

በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሰው ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው። አሳዘነችኝ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ ይሆናል። አላሳዘነችኝም። በአንድ ቀን ቀድማ ብትናገረው ኖሮ ቃል በቃል አደርስላት ነበር። አሁን ግን የሴቶቹ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ምንም አላሰብኩም፣ ሠዓሊው ቤት ስደርስ ግን የምለው ተዘጋጅቶ ነበር።

«እና ምን አለች?» አለኝ።

«እንዳለሁ ሣለኝ ብላለች።»

«እንዳለሁ ማለት?»

«ውሸት አልፈልግም፣ እመቤቴ ፊት ያልሆንኩትን ሆኜ አልቀርብም ብላለች።»

ብሩሹን ጣሳው ላይ አስቀመጠው። «የጠፋውን ዓይን ልሣለው እንዴ?»

«እሱማ ያስጠላል። ከጎን አድርጋት፣ በቀኝ በኩል። የጠፋው አይታይም።»

«ከጎን ማለት እኮ…»

«ታውቃለች። የሰፈሩ ሰው አይደለችም? ከአንተ በላይ ሥዕል አይታለች።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሰማይ ቤት ዕውር የለም፣ ተመራቂ። ሁለት ዓይን ብሰጣት ማን ይጠይቀኛል?»

«እሷ ትጠይቅሃለች። አፏን ታውቀዋለህ።»

አፏን ያውቀዋል። ቢሆንም ያመነታ ነበር፣ ፎቶ ባላሳየው ኖሮ እምቢ ይለኝም ነበር መሰለኝ። ስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶ ነበረኝ፤ መስኮቱ ሥር ስትጠልፍ ሳታውቅ በቀኝ በኩል ያነሳኋት። ሰጠሁት። ቀለም በነካው ጣቱ አጎላው። አገጯን፣ አንገቷን፣ ከነጠላዋ ሥር የወጣውን ሽበቷን አየ። አዲስ አበባ የጀመረውና ያልጨረሰው ትምህርት ፊቱ ላይ ሲመጣ ታየኝ። ዕድሜውን ሙሉ ተመሳሳይ ክብ ፊት ሲሥል የኖረ ሰው፣ የሰው ፊት አገኘ።

«ሸጋ ፊት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በድሮ ሥዕል ላይም ሲሰግዱ ከጎን የሚሣሉ አይጠፉም።» ለኔ አልነበረም የሚያወራው።

አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ሥርዓቱን ያስተማረኝ ራሱ ነው።

ቤት ስመለስ አክስቴ «ነገርሽው?» አለችኝ።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«እሺ አለ።»

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ሰፈሩ ፀጥ አለ፤ የአዝማሪ ቤቷ ልጅ እንኳ መሰንቆው ተሰቅሎ እሷም ነጠላ ለብሳ ቅዳሴ ትሄዳለች። አክስቴ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ከቅዳሴ መልስ ሽምብራዋን በልታ ለሥዕሉ መሸፈኛ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ትጠልፋለች። ለራሷም አዲስ ቀሚስ አሰፍታለች። እንዲያውም ትንሽ ለስላሳ ሆና ነበር። አንድ ቀን «ብዪ እስኪ፣ ከስተሻል» አለችኝ። በላሁ።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሠዓሊው ጠርቶ አሳየኝ። እመቤታችን እንደማንኛዋም ማርያም ናት፣ ልጇን ታቅፋ ታያለች። ከእግሯ ሥር ግን አክስቴ አለች። እጆቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ከጎን። ራሷ ናት። ጠባቧ አገጭ፣ ክር የምትቆርጥበት ጥርስ እንኳ ከከንፈሯ ሥር እንዳለ ይታወቃል። በሥዕሉ ላይ ካለው ፊት ሁሉ የእሷ ነው ሕይወት ያለው። አንድ ዓይን ነው ያላት።

«እንዴት ነው?» አለኝ። ደስ ብሎታል።

«ሸጋ ነው» አልኩት።

ሦስት ቀን ነበረኝ። በዚያው ሰዓት እውነቱን ብነግረው ፊቱን አጥፍቶ እንደገና ለመሣል ይደርስ ነበር። በየቀኑ በበሩ ፊት ለፊት አልፋለሁ፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይደርቃል። አልፋለሁ።

የፍልሰታ ፍች ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ሥዕሉን አክስቴ በጠለፈችው ጨርቅ ሸፍነው ሁለት ሰዎች ተሸክመውት፣ እሷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከኋላ፣ የማኅበሩ ሴቶች እልል እያሉ ሄድን። እኔ ከአክስቴ ግራ ነበርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰው ተሰበሰበ። የደብሩ አለቃ ጸሎት አደረሱና ጨርቁን ገለጡት።

መጀመሪያ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ እልልታው መሃል ላይ ቆመ። ከፊት ያሉት አንገታቸውን አስግገው አዩ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸመቻት።

«ምነው» አለች ጠላ ሻጯ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ግን ሁሉም እንዲሰማው፣ «ከነይሁዳ ጋር ነው እንዴ የተደመረችው?»

ነጠላ ወደ አፍ ሄደ። ሳቅ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሳቅ፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ።

አክስቴ ከሩቅ አጥርታ አታይም። ሰው መንገድ ለቀቀላትና ቀረበች። ፊቷን ሸራው ላይ ልታስነካው እስክትደርስ ጎነበሰች። ብዙ ቆየች።

«ይህች ማን ናት?» አሉ አለቃው።

«እኔ ነኝ አባ።»

«እንዲህ ተደርጎ ይሣላል እንዴ ልጄ?» ወደ ሠዓሊው ዞሩ። «አንተ የአባትህ ልጅ አይደለህም?»

ሠዓሊው ደነገጠ። «መልእክት ደርሶኝ ነው አባታችን። እንዳለሁ ሣለኝ፣ ከጎን አድርገኝ ብላ ልካብኝ ነው።» ይህን እያለ የሚያየው እኔን ነው።

እኔ በማታይበት በኩል ቆሜያለሁ። አክስቴ እኔን ለማየት አንገቷን ብቻ ማዞር አልበቃትም፤ ሙሉ ሰውነቷን ማዞር ነበረባት። ቀስ ብላ ዞረች። አየችኝ። ከዚያ ወደ አለቃው ተመለሰች።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

ልታድነኝ መስሎኝ ነበር። ሞኝነት ነው። ገና ሥራ ያልያዘች የእህቷ ልጅ ማኅበሩ ፊት መሳቂያ እንዳደረገቻት ከሚያውቁ፣ ራሷ ያዘዘችው ቢመስላቸው ይሻላታል።

አለቃው ጺማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። «ስለት ነው፣ አይመለስም» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ግን ከእመቤታችን ሥር እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይሰቀልም። ዕቃ ቤት ይግባ።»

ዲያቆናቱ አንስተውት ሄዱ። መሸፈኛው ጨርቅ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር፣ አክስቴ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ አራግፋ አጠፈችው።

በሠዓሊው ቤት በኩል ስናልፍ ቀድሞን ደርሶ ነበር። በሩ ላይ የነበረችውን በርጩማዬን አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባት።

ቤት ገብተን የተሠራውን ወጥ በላን። አክስቴ በደንብ በላች። እጇን ታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ፣ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ሰው መክሮሽ ነው ወይስ ራስሽ ነሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«በማኅበሩ ቀን ስላልኩሽ?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ሒሳቡ የገባት ሰው ይመስል። «እናትሽ ወፍ ነበር የምታባርረው» አለች። «እኔ እዚያ መቆሜን አላየችም። አንቺ ግን አነጣጥረሽ ነው።»

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ አልኳት። ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባች።

ሠዓሊውን በማግሥቱ ሄጄ ለመንኩት። ከበር ሳያሳልፈኝ ሰማኝ። «እኔ እደግመዋለሁ» አለ። «ለአንቺ ብዬ አይደለም። በዚያ ፊት ላይ ሌላ ዓይን መጨመር አይቻልም፣ ፊቱን አጥፍቼ ከመጀመሪያው ነው የምሥለው። ግማሽ ቀን ነው። ሥዕሉ ከዕቃ ቤት ይውጣልኝ ብቻ።»

ለአክስቴ ነገርኳት። «አይሆንም» አለች።

«ምነው እትዬ? ራሱ ነው የሚሠራው፣ በነፃ።»

«እመቤቴ አይታዋለች። አሁን አስለውጬ ባቆመው ሌላ ሴት ናት ትላለች።»

«እሷማ ታውቅሻለች።»

«ስለ እሷ የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ?»

በየቀኑ ጠየቅኳት። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ከሰዓት ስትጠልፍ። አትቆጣም፣ አትሰድብም። ስድቡን አቁማው ነበር። ከዚያ በፊት በቀን ሃያ ጊዜ የምትሰድበኝ ሴት፣ አሁን ጨው አቀብዪኝ እና በሩን ዝጊው ብቻ ሆነ። ሰፈሩ ውስጥም «ተመራቂዋ» የሚለኝ ጠፋ። ሐጂ ክሩን ለክተው ይሰጡኛል፣ ስለ እርግማን አይጠይቁም። የአዝማሪ ቤቷ ልጅ ሳልፍ ጥፍሯን ታያለች።

ትዕግሥት ስለሌለኝ አንድ ሌላ ነገር ሞከርኩ። አለቃው ጋ ሄድኩና እጃቸውን ተሳልሜ፣ «አክስቴ ልካኝ ነው። ሥዕሉ ይውጣና ይታረም ብላለች» አልኳቸው።

ቆባቸውን አስተካክለው አዩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም።

«እሷ ራሷ መጥታ ትንገረኝ» አሉ። «የአንቺን መልእክት ሰምተናል።»

ያን ቀን ማታ አለቃው ጋ እንደሄድኩ አክስቴ ሰምታ ነበር፤ እዚያ ሰፈር ምንም አይደበቅም። የጉዞ ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር አውጥታ በሩ ላይ አስቀምጣዋለች። ልብሴ በሥርዓት ታጥፎ ገብቷል፣ ካልሲዬ ሳይቀር ተጠቅልሎ።

«ነገ ጠዋት ሚኒባስ አለ» አለችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ በያቸው። ይታረም በያቸውና እሄዳለሁ።»

«ብልስ? ሰው ሁሉ አይቶታል። ሁለት ዓይን አሥዬ ብሰቅለው፣ ያኔ በገንዘቧ አስለወጠችው ነው የሚሉ። አሁን ቢያንስ ደፋር ናት ይሉኛል።» መብራቱን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። «ሥራ ካገኘሽም አትምጪ፣ ካላገኘሽም አትምጪ።»

በማግሥቱ መናኸሪያ የሸኘኝ የለም።

ሠዓሊው ከወራት በኋላ አንድ ጊዜ ደወለልኝ። ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ነበር የደወለው፤ እኔ ግን አላስጨረስኩትም፣ ስለ ሥዕሉ ጠየቅኩት። ዕቃ ቤት ነው አለኝ፣ ከተቀደዱ ከበሮዎች ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። አለቃው የእሷን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት። በየቀኑ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ አልፋ ቅዳሴ ትገባለች አለኝ፣ አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችም።